ከታኔ እስከ ቪቲ፦ የሙምባይን የጠዋት ባቡር እንዴት ለመዳችሁት?

መንገደኛው፦

ሰላም ለሁላችሁም። ሙምባይ ከገባሁ ሦስተኛ ሳምንቴን ይዣለሁ። ኪራይ ይቀንሳል ብዬ ቤት የያዝኩት ታኔ ነው፤ የምማረው ግን ደቡብ ጫፍ፣ ፎርት ሰፈር ነው። ስለዚህ በየቀኑ 34 ኪሎ ሜትር በባቡር እሄዳለሁ፣ 34 እመለሳለሁ። ስለ መጨናነቁ ከመምጣቴ በፊት ሰምቼ ነበር። መስማትና ማየት ግን ለየቅል ናቸው።

ትናንት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መሳፈሪያው ላይ ቆሜ ሁለት ፈጣን ባቡሮች አመለጡኝ። ዘግይቼ አይደለም። በሩ ፊት ለፊቴ ነበር፣ የምገባበት ቀዳዳ ግን አልነበረም። በሦስተኛው ከኋላዬ ያሉት ገፍተው አስገቡኝ፤ ሁለቱም እግሮቼ ወለል የነኩት ባቡሩ ከተነሣ በኋላ ነው። ጋትኮፓር ላይ ጓደኛዬ ይጠብቀኝ ስለነበር ልወርድ ስታገል፣ በሩ ጋ ሳልደርስ ባቡሩ ተነሣ። ኩርላም እንዲሁ አለፈኝ። የወረድኩት ዳዳር ነው፤ እሱም ቢሆን ራሴ ወረድኩ አልልም፣ የሚወርደው ሰው ይዞኝ ወጣ። የቦርሳዬ አንዱ ማንገቻ ተበጥሶ ቀርቷል።

በዚያ ሁሉ መካከል ደረቴ ላይ የተለጠፉ አንድ አዛውንት ነበሩ። በአንድ እጃቸው ከጣሪያው የተንጠለጠለውን መያዣ ጨብጠዋል፣ በሌላው ጋዜጣቸውን እንደ ደብዳቤ ስምንት ቦታ አጥፈው ያነባሉ። ገጹን የሚገለብጡት በአውራ ጣታቸው ብቻ ነው። ፊታቸው ላይ አንዳች መጨነቅ አይታይም። እኔ ደግሞ በክፍት በር ተንጠልጥለው የሚሄዱትን ባየሁ ቁጥር ልቤ ይርዳል።

እዚህ የኖራችሁ ሰዎች ንገሩኝ። ይህ በልምድ ብቻ የሚመጣ ነው ወይስ እኔ የማላውቀው ነገር አለ?

ነባር ተሳፋሪ፦

እንኳን በደህና ገባህ ወንድሜ። ቦርሳው ይጠገናል፤ ያንተ ደህና መሆን ይበልጣል። እኔ እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2008 በዚያው መስመር ተመላልሻለሁ።

የመጀመሪያው ስሕተትህ የባቡር ምርጫ ነው። በጠዋት ታኔ ላይ የሚያልፉት ፈጣን ባቡሮች ከካርጃት፣ ከካሳራ፣ ከካልያን የተነሡ ናቸው። አንተ ጋ ሲደርሱ ጢም ብለው ሞልተዋል። ታኔ ግን የራሱ ባቡር አለው፤ ከዚያው ተነሥቶ በየጣቢያው እየቆመ ቪቲ፣ ደቡብ ጫፍ ያለው የመጨረሻው ጣቢያ፣ የሚደርስ። ባዶውን ነው መሳፈሪያው ላይ የሚቀርበው። ከላይ በተሰቀለው ሰሌዳ ላይ ኤፍ የሚለው ፊደል ፈጣኑን፣ ኤስ የሚለው በየጣቢያው የሚቆመውን ያመለክታል። አንተ ኤስ የሚለውን ጠብቅ። አንድ ሰዓት ገደማ ይወስድብሃል። ፈጣኑ የሚያተርፍልህ ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው፤ ለሩብ ሰዓት ብለህ የጎድን አጥንትህን አትስጥ።

መውረድ ደግሞ የሚጀመረው ባቡሩ ሲቆም አይደለም። ሁለት ጣቢያ ሲቀርህ ተንቀሳቀስ። ፊትህ ላለው ሰው የጣቢያውን ስም ብቻ በጥያቄ ድምፅ በለው፤ «ጋትኮፓር?» ራሱን ከነቀነቀ ወራጅ ነውና ከኋላው ተሰለፍ። አንገቱን ካወዛወዘ ቦታ ይቀይርሃል። ቋንቋ ሳታውቅ ከጫፍ ጫፍ የምትሻገረው በዚህ ነው። ባቡሩ የሚቆመው ቢበዛ ግማሽ ደቂቃ ስለሆነ ከቆመ በኋላ «ይቅርታ፣ አሳልፉኝ» ማለት ዋጋ የለውም።

ቦርሳህን በጀርባህ አታንግት። ወይ ደረትህ ላይ እቀፈው ወይ ፊትህ ላለው ሰው ዘርጋለት። ከእጅ ወደ እጅ ተቀባብለው መስኮቱ አጠገብ ያለው መደርደሪያ ላይ ያስቀምጡልሃል፤ ስትወርድም እንደዚያው ተቀባብለው ይመልሱልሃል። በስድስት ዓመት ውስጥ አንድም ጊዜ ዕቃ አልጠፋብኝም።

ልረሳው የነበረ አንድ ነገር፦ ቀይና ቢጫ ሰያፍ መስመር የተቀባው ክፍል አንደኛ ማዕረግ ነው። በሁለተኛ ማዕረግ ትኬት ከገባህ ተቆጣጣሪ ሲይዝህ ቅጣት አለው። በየቀኑ ትኬት አትሰለፍ፤ ወርሃዊውን አውጣ፣ በብዙ ይረክሳል።

የሐዲድ መሐንዲስ፦

ነባር ተሳፋሪ ስለ ግማሽ ደቂቃው ያለው የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ስለሆነ ትንሽ ላስፋው። ሙያዬ ነው፣ ስለዚህም ባበዛ ይቅር በሉኝ።

ብዙ ሰው «ለምን ባቡር አይጨምሩም?» ይላል። በሙምባይ የከተማ ዳርቻ መስመሮች ላይ በቀን ከ3,000 ያላነሰ ጉዞ ይደረጋል። በመግቢያና በመውጫ ሰዓት በአንድ ሐዲድ ላይ ባቡር የሚከተለው ባቡርን በሦስትና በአራት ደቂቃ ልዩነት ነው። አሁን አስቡት፦ ከታኔ እስከ ቪቲ በየጣቢያው የሚቆም ባቡር በመሐል 17 ጣቢያዎች አሉት። በእያንዳንዱ ላይ በሩ ተጨናንቆ አሥር ሰከንድ ብቻ ቢዘገይ ድምሩ ወደ ሦስት ደቂቃ ይጠጋል። ይህ የአንድ ሙሉ ባቡር ቦታ ነው። የኋለኛው ከቀይ መብራት ፊት ይቆማል፣ የእሱ ኋለኛም እንዲሁ። ስለዚህ የመስመሩን አቅም የሚወስነው የሞተሩ ጉልበት አይደለም፤ ሰው በበሩ ለመውጣትና ለመግባት የሚፈጅበት ጊዜ ነው።

የጭነቱን መጠን ለማሳየት፦ ባቡሮቹ ባለ 9 ፉርጎ በነበሩበት ዘመን 1,700 ሰው እንዲጭን የተሠራው ባቡር በተጨናነቀው ሰዓት ከ4,500 በላይ ይጭን ነበር። በአንድ ካሬ ሜትር ከ14 እስከ 16 የቆመ ሰው ማለት ነው። ቤታችሁ ወለሉ ላይ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር በጠመኔ አስምሩና አስቡት። ዛሬ 12 እና 15 ፉርጎ ያላቸው ናቸው፤ ሰዉም ግን አብሮ ጨምሯል።

ከተማዋ ራሷ ጠባብ ልሳነ ምድር ናት፤ ድሮ ተለያይተው የነበሩ ሰባት ደሴቶች ተሞልተው ነው አንድ የሆኑት። ሥራው ደቡብ፣ መኖሪያው ሰሜን። ጠዋት ሁሉም ወደ አንድ ጫፍ፣ ማታ ሁሉም ወደ ሌላው ጫፍ ይፈስሳል። ጋትኮፓር ላይ የታገልከው ደግሞ በምክንያት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ከምዕራብ በኩል የሚመጣው ሜትሮ እዚያ ስለሚያበቃ ሁለት ጎርፍ የሚገናኝበት ጣቢያ ሆኗል።

አረንጓዴ መስመር፦

ሰላም ወንድሜ። እናንተ ወንዶቹ ሁልጊዜ ስለ ግፊያው ብቻ ታወራላችሁ። እኔ ነርሲንግ በተማርኩባቸው አራት ዓመታት ከዶምቢቭሊ በሴቶች ፉርጎ ነበር የምሄደው። ግፊያው እዚያም አለ፤ ጠዋት ላይ ጸጉሬን አስሬ ገብቼ ተበትኖ የወጣሁበት ቀን ብዙ ነው። የማስታውሰው ግን ያንን ብቻ አይደለም።

ማታ ወደ ቤት ስንመለስ አንዲት የባንክ ሠራተኛ ሁልጊዜ መስኮቱ ሥር ትቀመጥ ነበር። ኩርላን ስናልፍ ከቦርሳዋ እሸት አተር የሞላ የላስቲክ ከረጢት ታወጣለች። ጭኗ ላይ ጋዜጣ ትዘረጋና መፈልፈል ትጀምራለች። አተሩ ወደ ሳሕን፣ ልጣጩ ወደ ጋዜጣው። አጠገቧ ያለችው ሳትጠየቅ እፍኝ ታነሣለች፣ እኔም እፍኝ አነሣለሁ። ታኔ ስንደርስ ያልቃል። ሳሕኑን ከድና፣ ልጣጩን ጠቅልላ፣ «ዛሬ ልጆቼ ቶሎ ይበላሉ» ትላለች። ስሟን የጠየቅኳት ከስምንት ወር በኋላ ነው።

ዱሴራ የሚባለው በዓል ሲደርስ ሴቶቹ ገንዘብ አዋጥተው ፉርጎውን በአበባ ያስጌጡታል። የበዓል ልብስ ለብሰው፣ ጣፋጭ ይዘው፣ እየዘመሩ ነው የሚሄዱት። የመጀመሪያውን ዓመት በሩ ላይ የተሰቀለውን ብጫ አበባ ሳይ ሰርግ መስሎኝ ነበር።

የሴቶች ክፍሎች ብቻ ሳይሆኑ ሙሉ በሙሉ ለሴቶች የተመደበ ባቡርም አለ፤ የመጀመሪያው ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1992 በምዕራቡ መስመር ላይ ነው። የክፍል ጓደኞችህ ሴቶች ካሉ ንገራቸው። ምልክቱ አረንጓዴ ሰያፍ መስመርና ሳሪ የለበሰች ሴት ምስል ነው።

ቸርችጌት፦

እኔ የምዕራቡ መስመር ሰው ነኝ፤ ከአንዴሪ ወደ ቸርችጌት። የእኛ ትልቁ ሕግ አንድ ነው፦ ወደ ቪራር በሚሄደው ፈጣን ባቡር ቅርብ ቦታ ለመውረድ አትግባ። ቪራር ድረስ የሚሄዱት ሰዎች ከአንድ ሰዓት በላይ የሚቆሙ ናቸው፤ የአንዴሪ ሰው ገብቶ ቦታ ሲይዝባቸው ይቆጣሉ፣ እውነታቸውንም ነው። ሌላ ባቡር አለህ፣ እነሱ የላቸውም።

ስለ በሩ ግን ከሌሎቻችሁ ትንሽ እለያለሁ። በር ላይ መቆም ሁልጊዜ ድፍረት አይደለም። በግንቦት ሙቀት ውስጥ መሐል ቆመህ ሞክረው፤ ከጣሪያው ያለው ማራገቢያ የሚያዞረው የሰውን ትንፋሽ ነው። እኔ ሁለት ጊዜ ራሴን ልስት ደርሼ ያዳነኝ የበሩ ነፋስ ነው። በሩ መሐል ያለውን ብረት በሁለት እጅ ከያዙ ምንም አይሆንም።

ነባር ተሳፋሪ፦

ለቸርችጌት፦ ወንድሜ፣ ስለ ሙቀቱ ያልከው እውነት ነው። «ምንም አይሆንም» ያልከው ግን እንዲያልፍ አልፈልግም፤ ይህን የሚያነብ አዲስ ልጅ አለና።

በ2005 አንድ ማታ ከእኔ ሁለት ሰው ቀድሞ በሩ ላይ ቆሞ የሚሄድ ወጣት ነበር። ብረቱን እንዳልከው ይዟል። ሁልጊዜ የማየው ልጅ ነው፤ ማታ ማታ የእንግሊዝኛ ቃላት በትንሽ ደብተር ላይ እየጻፈ ይሸመድዳል። መታጠፊያ ላይ ከውስጥ ያለው ሕዝብ ወደ ውጪ ያዘነበለ ጊዜ እጁ ለቀቀ። ጩኸት እንኳን አልሰማንም። በሩ ደፍ ላይ የቀረው አንድ ነጠላ ጫማው ነበር። አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ አነሣው፤ የት እንደሚያደርገው ጨንቆት እስከ ሚቀጥለው ጣቢያ ድረስ በእጁ ይዞት ቆመ።

ብረቱን የያዘው እጅ ያንተ ነው፤ የሚገፋህ ክብደት ግን የመቶ ሰው ነው። በሙምባይ መስመሮች ከባቡር በመውደቅና ሐዲድ በማቋረጥ በዓመት ከሁለት ሺህ በላይ ሰው የሞተባቸው ዓመታት ብዙ ናቸው። እባካችሁ ወደ ውስጥ ግቡ። ሐዲዱንም አታቋርጡ፤ ድልድዩ ሩቅ ቢሆንም ውጡበት።

ቸርችጌት፦

ስለ ልጁ በጣም አዝናለሁ። ቃሌን አንሥቻለሁ። ይቅርታ፤ ለአዲስ ሰው መጻፍ የሌለበት ነገር ነው የጻፍኩት።

የሐዲድ መሐንዲስ፦

ሁለታችሁም የያዛችሁት የአንድ ችግር ሁለት ጫፍ ነው፤ የባቡር ሥራ ሰዎችም ለዓመታት የተቸገሩት በዚሁ ነው። በር ይዘጋ ቢባል ውስጥ ያለው ሰው ይታፈናል፤ በዚህ ላይ አንድ ሰው በሩን ባገደ ቁጥር እነዚያ አሥር ሰከንዶች ይመጣሉ። ክፍት ይሁን ቢባል ሰው ይወድቃል።

አየር ማቀዝቀዣ ያለውና በሩ በራሱ የሚዘጋው ባቡር የመጀመሪያ ጉዞውን ያደረገው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2017 ላይ ነው፤ በፈረንጆች ገና ዕለት። ጥሩ ባቡር ነው፤ ዋጋው ግን ከተራው በጣም ይበልጣል፣ ቁጥሩም ትንሽ ነው። ከዚያ ጁን 2025 ላይ ሙምብራ አጠገብ፣ በመታጠፊያ ላይ በተላለፉ ሁለት ባቡሮች በር ላይ የተንጠለጠሉ ሰዎች ወደቁ፤ የሞቱም አሉ። ብዙም ሳይቆይ ተራዎቹም ባቡሮች የሚዘጋ በር እንዲኖራቸው ተወሰነ። የቀረበው መፍትሔ አየር የሚያስገባ ሸንተረር ያለው በር፣ ጣሪያ ላይ ከውጪ ንጹሕ አየር የሚስብ መሣሪያ፣ ከፉርጎ ወደ ፉርጎ ሰው የሚሸጋገርበት መተላለፊያ ነው። እኔ ትልቁን ተስፋ የጣልኩት በመተላለፊያው ላይ ነው። አሁን አንዱ ፉርጎ ታፍኖ አጠገቡ ያለው የሚላወስበት ቦታ ቢኖረው እንኳን ሰው መሻገር አይችልም።

ደግሞም ባቡሩ ብቻ አይደለም የሚጨናነቀው። ሴፕቴምበር 29 ቀን 2017 በኤልፊንስቶን ሮድ ጣቢያ፣ ዛሬ ፕራብሃዴቪ በሚባለው፣ ጠባብ የእግረኛ ድልድይ ላይ በተፈጠረ መረጋገጥ 23 ሰዎች ሞተዋል። ዝናብ መጥቶ ሰዉ ደረጃው ላይ ተጠልሎ ነበር። ሥሩን ብትፈትሹ ወደ 1982 ይወስዳችኋል። ያ አካባቢ የጥጥ ፋብሪካዎች ሰፈር ነበር። በዚያ ዓመት የተጀመረውን ታላቅ የሠራተኞች አድማ ተከትሎ ፋብሪካዎቹ አንድ በአንድ ተዘጉ፤ በቦታቸው የመስታወት ሕንፃዎችና ቢሮዎች በቀሉ። የፋብሪካው ሠራተኛ እዚያው አቅራቢያ ይኖር ነበር፤ የቢሮው ሠራተኛ ከሰሜን በባቡር ይመጣል። ሕንፃው አደገ፣ ደረጃው ግን እንደነበረ ቀረ።

መንገደኛው፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሽ ነባር፣ ስለ ልጁ ያነበብኩትን ከአእምሮዬ ማውጣት አልቻልኩም። በር አጠገብ አልቆምም።

ሁለት ጥያቄ ቀርቶኛል። «ቪቲ» ትላላችሁ፤ ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ሲኤስኤምቲ ነው። አንድ ናቸው? ዝናቡ ሲመጣስ ባቡሩ ይሠራል?

አረንጓዴ መስመር፦

አንድ ናቸው። ቪክቶሪያ ተርሚነስ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1996 በማራታው ንጉሥ በቻትራፓቲ ሺቫጂ ስም ተጠራ፣ በ2017 ደግሞ «ማሃራጅ» ተጨመረበት። ነባሩ ሰው ግን እስከ ዛሬ ቪቲ ነው የሚለው። አንድ ቀን ሳትቸኩል ውጣና ከመንገዱ ማዶ ቆመህ እየው፤ ከ2004 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። አንተ ከታኔ መምጣትህም ደስ ይላል። በሕንድ የመጀመሪያው የመንገደኞች ባቡር ኤፕሪል 16 ቀን 1853 የሄደው ከቦሪ ባንደር፣ ማለትም ከዚሁ ከቪቲ ጥግ፣ እስከ ታኔ ድረስ ነው። 14 ፉርጎ፣ 400 እንግዳ፣ ሦስት ሎኮሞቲቭ። በየቀኑ የምትመላለሰው በዚያው መንገድ ነው።

ነባር ተሳፋሪ፦

ስለ ዝናቡ እኔ ልመልስ። ብዙውን ቀን ይሠራል፣ ይዘገያል እንጂ። በኩርላና በሲዮን መካከል ያለው መሬት ዝቅተኛ ስለሆነ ከባድ ዝናብ ከባሕሩ ሙላት ጋር ሲገጥም ውሃው ሐዲዱን ይሸፍነዋል፤ ያኔ ይቆማል።

ጁላይ 26 ቀን 2005 በአንድ ቀን 944 ሚሊ ሜትር ዘነበ። እኔ ያለሁበት ባቡር ሲዮንን አልፎ ቆመ። ሲመሽ መብራቱም ጠፋ። ሌሊቱን ሙሉ ሁለት መቶ የማንተዋወቅ ሰዎች በተራ እየተቀመጥን፣ በተራ እየቆምን አደርን። አንድ ሰው ለልጆቹ የገዛውን ብስኩት ከፈተ፤ እያንዳንዳችን አንዳንድ ፍሬ ደረሰን። ሲነጋ ከሐዲዱ ጎን ያሉ የድሃ ሰፈር ሰዎች፣ ቤታቸው በውሃ ተሞልቶ ሳለ፣ በባልዲ የሚጠጣ ውሃ አመጡልን። ታኔ የደረስኩት በእግሬ ነው።

ስለዚህ በዝናብ ወራት ቦርሳህ ውስጥ ውሃና ደረቅ ምግብ አይጥፋ። ስልክህንም ሞልተህ ውጣ። ሌላው፣ እሑድ «ሜጋ ብሎክ» የሚባል አለ። ባቡሩ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ገደማ ጀምሮ እስከ እኩለ ሌሊት ማለፊያ ድረስ ስለሚሠራ ሐዲድ የሚጠገንበት ሰፊ ጊዜ ያለው እሑድ ቀን ነው። ከመውጣትህ በፊት የትኛው መስመር እንደተዘጋ ጠይቅ።

ቸርችጌት፦

አንድ ነገር ልጨምር። ረፋድ ላይ ከሄድክ ነጭ የራስ ቆብ ያደረጉ፣ ረጅም የእንጨት ትሪ በራሳቸው የተሸከሙ ሰዎች ታያለህ። ዳባዋላ ይባላሉ፤ ከ1890 ጀምሮ ከየቤቱ የተሠራ ምሳ ሰብስበው በየቢሮው የሚያደርሱ ናቸው። በዕቃ ፉርጎ ነው የሚጓዙት። ሲመጡ ጥግ ያዝ፤ የሠላሳ አርባ ሰው ምሳ በራሳቸው ላይ ነው፤ መንገድ ይገባቸዋል።

መንገደኛው፦

ከአሥር ቀን በኋላ ተመልሻለሁ፤ ላሳውቃችሁ ብዬ ነው።

ከታኔ የሚነሣውን ባቡር ይዣለሁ። ወርሃዊ ትኬት አወጣሁ። የመጀመሪያው ቀን መሳፈሪያውን ተሳስቼ ቆሜ ነበር፤ በመጨረሻው ደቂቃ በድምፅ ማጉያ ቁጥሩ መቀየሩ ሲነገር ሁሉም ወደ ድልድዩ ሲሮጥ እኔ ብቻዬን ቀረሁ። አሁን ማስታወቂያውን በጆሮዬ እጠብቃለሁ። ማራቲኛውን ባልሰማ ሂንዲው፣ ሂንዲው ቢያልፈኝ እንግሊዝኛው አለ።

ማንም ያልነገረኝ ደግሞ አራተኛው ወንበር ነው። ለሦስት ሰው በተሠራው አግዳሚ ላይ አራተኛው ሰው በጫፉ ይቀመጣል፤ ግማሽ ገላው አየር ላይ ነው። ሦስቱ ሳይነጋገሩ ሸርተት ይሉለታል። መጀመሪያ ቀን ሲጠጋብኝ ሊያስነሣኝ መስሎኝ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ሙሉንድ ላይ አንድ አዛውንት ገብተው ከፊቴ ቆሙ። ያንን ጋዜጣ ያነቡ የነበሩት ሰውዬ ናቸው፤ ካስተጣጠፋቸው ለየኋቸው። «የት ነው የምትወርደው?» አሉኝ። የምነሣ ከሆነ ቦታውን ሊይዙ ነው። «ቪቲ» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው አጠገቤ ያለውን ጠየቁ፤ እሱም ቪቲ አለ። ጋዜጣቸውን ዘረጉ። ቪክሮሊ ላይ ተነሥቼ አስቀመጥኳቸው። ምንም ሳይሉ እጃቸውን ዘርግተው፣ ማንገቻው የተሰፋውን ቦርሳዬን ተቀብለው ጭናቸው ላይ አኖሩልኝ።